ባለ አንድ ኖዝል እርጥብ ናይትረስ ኪት ለመንገድ መኪና፦ ካርቶኑ ውስጥ ያለውና የሌለው

ናይትረስ ኪት፣ ማለትም ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ወደ ሞተር እያስገባ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ፣ ሊገዛ የተነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ በተጻፈው የፈረስ ጉልበት ላይ ነው። ቁጥሩ ግን ስለ ኪቱ ጥራት ምንም አይናገርም። አንዱን ኪት የ50፣ ሌላውን የ100 የሚያሰኘው ጄት የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ቁራጮች መሃላቸው የተበሳበት ልክ ነው፤ እነሱም በመፍቻ በ5 ደቂቃ ይቀየራሉ። ኪትን ከኪት የሚለየው ጋዙ በገባ ቁጥር ቤንዚኑም በልኩና በሰዓቱ መግባቱን፣ ካልገባም ጋዙ ወዲያው መዘጋቱን የሚያረጋግጡት ዕቃዎች ናቸው። ከእነዚህ ዕቃዎች ግማሾቹ ደግሞ ካርቶኑ ውስጥ አይገኙም።

እዚህ የምንገመግመው ለመንገድ መኪና በብዛት የሚሸጠውን፣ እርጥብ ወይም ዌት የሚባለውን፣ ማለትም ጋዝና ቤንዚን አብሮ በአንድ መርጫ አፍ የሚረጨውን፣ ባለ አንድ ኖዝል ኪት ነው፤ ኢንጀክተር ላለው ባለ 4 እና ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር፣ ከ50 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት። ኖስ፣ ናይትረስ ኤክስፕረስና ዜክስ የሚባሉት አምራቾች ሦስቱም በዚህ መልክ የሚሸጡት አላቸው። የጋዙ ሲሊንደር ከሞተሩ ሲሊንደር ጋር እንዳይምታታ ከዚህ በኋላ ጠርሙስ እንለዋለን።

ስለ ጋዙ ሁለት ቃል። ናይትረስ ኦክሳይድ ራሱ ነዳጅ አይደለም፤ ሥራው ኦክስጅን ማቀበል ነው። ከክብደቱ 36 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ አየር ግን በክብደት 23 በመቶ ብቻ ይዟል። ሞተር ውስጥ ገብቶ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ይፈርስና ኦክስጅኑን ይለቃል። ከዜሮ በታች 88 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ከኖዝሉ ሲወጣ የሚገባውን አየር ያቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ደግሞ ታጭቆ ይገባል። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጂኤም-1 ብለው ተዋጊ አውሮፕላን ላይ የገጠሙትም አየር ከሳሳበት ከፍታ ላይ ሞተሩ እንዳይታፈን ነበር። ትርፍ ኦክስጅን ያለ ትርፍ ቤንዚን ከገባ ግን እሳቱ ከልኩ በላይ ይግልና የሚበላው ፒስቶኑን ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ በስሙ የጋዝ ኪት ይባል እንጂ በግብሩ የቤንዚን ኪት ነው፤ ከዚህ በታች ያለው ፍርዳችን ሁሉ በዚሁ ሚዛን የተሰፈረ ነው።

ለምን እርጥቡ?

ደረቅ ወይም ድራይ የሚባለው ኪት በኖዝሉ ጋዝ ብቻ ይረጫል፤ ትርፉን ቤንዚን የሚያመጡት የመኪናው የራሱ ኢንጀክተሮች ናቸው። ይህን የሚያደርጉት ወይ ኮምፒውተሩ እንደገና ተስተካክሎ ነው፣ ወይ ናይትረሱ የነዳጅ ግፊት መቆጣጠሪያውን እየተጫነ ግፊቱን ከፍ አድርጎላቸው ነው። ጥሩ ጎኑ አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ውስጥ ቤንዚን አለመጠራቀሙ ነው። ደካማ ጎኑ ኢንጀክተሮቹ ትርፍ አቅም ከሌላቸው ማምለጫ አለመኖሩ ነው፤ ብዙ የፋብሪካ ኢንጀክተር ያለ ናይትረስም ፔዳሉ እስከ ወለል ሲረገጥ ከአቅሙ ብዙ የቀረው አይደለም። ለ35 እና 50 የፈረስ ጉልበት ደረቁ ይበቃል። ከዚያ በላይ ለሚያስብ፣ የሚያስተካክልለት ሰውም ለሌለው፣ እርጥቡ ይሻላል፤ ጋዙና ቤንዚኑ ከአንድ ኖዝል አብረው ስለሚወጡ ልኩን የሚወስነው ጄቱ እንጂ የኮምፒውተሩ ፈቃድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱን ኖዝል የሚሰጠው ዳይሬክት ፖርት ሥርጭቱ ከሁሉ የተስተካከለ ነው፣ ለመንገድ መኪና ግን ድካሙ አያዋጣም።

እርጥቡ የራሱ ጣጣ አለው። የብዙ መኪና ማኒፎልድ የተሠራው አየር ብቻ እንዲያልፍበት ነው። በዝቅተኛ ዙር አየሩ ቀስ ብሎ ሲሄድ የተረጨው ቤንዚን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ አንድ ቀን እሳት ወደ ኋላ ሲተፋ የፕላስቲኩን ማኒፎልድ ይፈረካክሰዋል። መድኃኒቱ ከ3000 ዙር በታች አለመክፈት ነው።

ካርቶኑ ውስጥ ያለው

ጠርሙሱ አብዛኛውን ጊዜ 10 ፓውንድ፣ ማለትም 4.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዝ አሉሚኒየም ነው። ለ100 የፈረስ ጉልበት በ10 ሴኮንድ ከ360 እስከ 450 ግራም ይሄዳል። በ75 ጄት አንድ ሙሉ ጠርሙስ 10 ያህል የ10 ሴኮንድ ሩጫ ይሰጣል፤ በሒሳብ ከዚያ በላይ መሆን ነበረበት፣ ግን የመጨረሻው ሩብ ላይ ጠርሙሱ በሩጫ መሃል ቶሎ እየቀዘቀዘ ግፊቱ ስለሚወርድ ለቁም ነገር አይሆንም። የ5 ፓውንዱ ጠርሙስ ቦታ ይቆጥባል፣ ግፊቱም ቶሎ ይወድቃል፤ አንመክረውም።

በብረት ሽቦ የተጠለፈው ቱቦ በኤኤን የቱቦና የመጋጠሚያ ልክ 4 ነው፤ ለዚህ ጉልበት ይበቃል። ኖዝሉም፣ ፔዳሉ ሲረገጥ የሚነካው ማይክሮስዊችም፣ መብራቱን ለሶሌኖይዶቹ የሚያስተላልፈው ሪሌም የሚያስወቅሱ አይደሉም። ጥራት የሚለየው በመብራት በሚከፈቱትና በሚዘጉት ቫልቮች፣ ሶሌኖይዶቹ ላይ ነው። የናይትረሱ ሶሌኖይድ 65 ባር ግፊት ይዞ በ10 አምፔር ገደማ መከፈት፣ መብራቱ ሲቋረጥም ጥብቅ ብሎ መዘጋት አለበት። ስም የሌላቸው ርካሽ ኪቶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ የውስጡ ፕላስቲክ መቀመጫ ቶሎ ያብጣል ወይም ይቦረቦራል፣ ሶሌኖይዱም ሲዘጋ ያንጠባጥባል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እንዲህ ያለውን ገዝቶ ሞተር ማቃጠል ነው። የታወቁት አምራቾች ለሶሌኖይዱ የጥገና ዕቃ ለብቻው ይሸጣሉ፤ ይህ ብቻውን የዋጋውን ልዩነት ያስረሳል።

ዜክስ አንድ ብልሃት ጨምሯል፦ ሶሌኖይዶቹን በአንድ ሳጥን ያሰባሰበው ክፍል የጠርሙሱን ግፊት ተከትሎ ቤንዚኑንም ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ጠርሙሱን ለማሞቅ ለማይደክም ሰው ጥሩ ሐሳብ ነው። ኖስና ናይትረስ ኤክስፕረስ ግን ነገሩን ለጄትና ለገጣሚው ይተዉታል፤ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ቀላሉ የሚመረመረውም ይኸኛው ነው።

የጄት ሰንጠረዡን በጥንቃቄ አንብቡት። ጄት ላይ 52 ተብሎ ከተጻፈ ቀዳዳው የኢንች 52 ሺህኛ ነው፣ 1.32 ሚሊሜትር ገደማ። ሰንጠረዡ የሚሠራው ግን ለተጻፈበት የቤንዚን ግፊት ብቻ ነው። በ3 ባር የተሠራ ሰንጠረዥ 4 ባር ባለው መኪና ላይ ቢገባ ቤንዚኑ ወደ 15 በመቶ ይበልጣል፤ ጥቁር ጭስና የተሰወረ ጉልበት ይሆናል። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው፤ የ4 ባር ጄት 3 ባር ላይ ቤንዚን ያሳጥራል። ስለዚህ ኪት ከመግዛት በፊት የራስን መኪና የነዳጅ ግፊት በጌጅ መለካት ነው። ሌላው የተለመደ ስህተት ጉልበት ለመጨመር የናይትረሱን ጄት ለውጦ የቤንዚኑን እንዳለ መተው ነው። ጄት ሁልጊዜ በጥንድ ይቀየራል።

የሌለው

ያለ እነዚህ መኪናው ላይ አይገጠም የምንላቸው አራት ዕቃዎች አሉ፤ አብዛኛው ኪት አንዱንም አይጨምርም።

አንደኛ፣ ዊንዶው ስዊች። ጋዙ በተወሰነ ዙር መሃል ብቻ እንዲከፈት ያደርጋል፤ ለምሳሌ ከ3200 እስከ የዙር ገደቡ ሊደርስ 300 እስኪቀረው። የላይኛው ወሰን ከታችኛው ይበልጥ ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ የዙር ገደቡ ላይ ሲደርስ ቤንዚን ወይም እሳት ይቆርጣል፤ ናይትረሱ ግን አያውቅለትምና መግባቱን ይቀጥላል። ቤንዚን ከተቆረጠ ቅልቅሉ ቤንዚን ያጥረዋል፣ እሳት ከተቆረጠ ማኒፎልዱ ባልነደደ ቅልቅል ይሞላል። ሁለቱም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ሞተር ያበላሻሉ።

ሁለተኛ፣ የቤንዚን ግፊት መቆራረጫ ስዊች። ከነዳጅ መስመሩ ጋር ተገናኝቶ ግፊቱ ከተወሰነ በታች ሲወርድ ሪሌውን ያጠፋል። የነዳጅ ፓምፕ ሲደክም፣ ፊልትሮ ሲደፈን ሞተሩን የሚያድነው ይህ ነው። ዋጋው ከአንድ ፒስቶን ያንሳል።

ሦስተኛ፣ የጠርሙስ ግፊት ጌጅና ማሞቂያ። ከስር በሰፊው እንመለስበታለን።

አራተኛ፣ የአየርና የቤንዚን ምጥጥን የሚያሳይ ዋይድባንድ ሴንሰር። በናይትረስ ላይ ለአንድ እጅ ቤንዚን ከ11.5 እስከ 12 እጅ አየር መታየት አለበት። 12.5 ሲያልፍ እግርን ማንሳት ነው።

ፐርጅ፣ ማለትም በመስመሩ የቀረውን ጋዝ ወደ ውጭ የሚተፋው ሦስተኛ ሶሌኖይድ፣ በብዙዎች ዘንድ ለታይታ ብቻ ይመስላል። እውነት ነው፣ ነጩ ጭስ ያምራል። ሥራው ግን መስመሩ ውስጥ የሞቀውን ትነት አስወጥቶ ፈሳሹን እስከ ሶሌኖይዱ ማምጣት ነው። ያለ እሱ የመጀመሪያው ሴኮንድ ላይ ጋዙ ቀጥኖ ይገባና ቤንዚኑ ይበዛል፣ መኪናው ተንቀጥቅጦ ይነሳል። ካለ ጥሩ፣ ከሌለም መኪና አይጎዳም።

ሞተሩ ይችለዋል?

ያልተነካ የፋብሪካ ሞተር ላይ ለባለ 4 ሲሊንደር ከ50 እስከ 60፣ ለባለ 6 ከ75 እስከ 100 የተለመደ ልክ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ላይ 75 ማስገባት ይቻላል፣ ያኔ ግን የስህተት ቦታ አይኖርም። ገደቡን የሚያበጀው ብዙ ጊዜ ፒስቶኑ ነው። የፋብሪካ ፒስቶን የቀለጠ አሉሚኒየም ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ስለሆነ ይሰባበራል እንጂ አይታጠፍም። ሙቀት ሲበዛ ፒስቶኑን የከበበው ቀለበት፣ ፋሻው፣ ይለጠጣል፣ ሁለቱ ጫፎቹ ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወዲያ መሄጃ ስለሌለው ፒስቶኑን ከላይ ያለውን ከንፈር ነቅሎ ያነሳዋል። ሞተሩ ሲፈታ ፒስቶኑ አፉ እንደተሰበረ ሲኒ ሆኖ ይወጣል።

ከግዢ በፊት ኮምፕረሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበት ግፊት፣ ይለካ። ከሲሊንደር ሲሊንደር ልዩነቱ ከ10 በመቶ ከበለጠ፣ ዘይት የሚበላ ከሆነ፣ ወይም ጓርኒሲዮኑ ከተጠረጠረ ገንዘቡ ለሞተሩ ይሁን። ፍሪሲዮን ቀድሞውንም የሚንሸራተት መኪና በናይትረስ ሁለት ሩጫ አይዘልቅም። በቀበቶ የሚሠራ ሲቪቲ ካምቢዮ ያለው መኪና ላይ ጭራሽ አይመከርም።

የነዳጅ ፓምፑም በሒሳብ ይታይ። 75 የፈረስ ጉልበት ለመጨመር በሰዓት 25 ሊትር ገደማ ተጨማሪ ቤንዚን ያስፈልጋል፤ ያውም ሞተሩ ከፍተኛውን በሚጠጣበት ሰዓት። ዕድሜ ያለው ፓምፕ ባዶ ላይ ጥሩ ግፊት ያሳይና ፔዳሉ ሲረገጥ ይወድቃል፤ ስለዚህ ግፊቱ የሚለካው በሩጫ ላይ ነው፣ ቆሞ አይደለም።

ካንዴላው ከፋብሪካው አንድ ደረጃ የቀዘቀዘ፣ ለ100 ደግሞ ሁለት ደረጃ ይሁን። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ፦ ኤንጂኬና ዴንሶ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል፣ ቦሽና ሻምፒዮን ላይ ግን ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። ኤንጂኬ ላይ 6 ከነበረ 7 ይገባል። ክፍተቱ ከ0.8 እስከ 0.9 ሚሊሜትር ይደረግ፤ ሲሰፋ በናይትረስ ጫና እሳቱ ይጠፋል። ጫፉ ረጅም ሆኖ ወደ ውስጥ የወጣና ቀጭን ፕላቲነም ያለው ቀርቶ ተራው የመዳብ ካንዴላ ይሻላል፤ ረጅም ጫፍ ግሎ ራሱ እሳት ማስነሻ ይሆናል። ታይሚንግ፣ ማለትም ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት፣ ለእያንዳንዱ 50 የፈረስ ጉልበት 2 ዲግሪ ወደ ኋላ ይመለስ፤ ለ75 ማለት 3 ዲግሪ ነው። ቤንዚኑም ከሚገኘው ሁሉ ኦክቴኑ ከፍተኛው ይሁን።

አገጣጠሙ

ጠርሙሱ ጭነት ማስቀመጫው ውስጥ ከብረቱ ወለል ጋር በብሎንና በሰፊ ሮንዴላ ይታሰራል፤ ምንጣፍና ፕላስቲክ ላይ አይታሰርም። ውስጡ ሳይፎን የሚባል ቀጭን ቱቦ አለ፤ ፈሳሹን ከታች የሚመጠው እሱ ነው። ስለዚህ አፉ ወደ መኪናው ፊት፣ ከኋላው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የተለጠፈው ጽሑፍ ወደ ላይ መሆን አለበት። ተገልብጦ ከታሰረ መኪናው ሲፈነጠር ፈሳሹ ከሳይፎኑ ይሸሽና በፈሳሽ ፋንታ ትነት ይገባል። ቫልቩ ላይ ያለው የደህንነት ዲስክ ጠርሙሱ ከልክ በላይ ሲጨነቅ የሚፈነዳ ነው፤ ከእሱ የሚነሳ ቱቦ ከመኪናው ውጭ መውጣት አለበት። አለበለዚያ 4.5 ኪሎ ጋዝ በአንድ ጊዜ ሰው ያለበት ቦታ ውስጥ ይለቀቃል፤ አየሩን ያባርራል፣ ሰውን ያፍናል።

መስመሩ በመኪናው ሆድ ሥር ከማርሚታ ርቆ፣ ከሚንቀሳቀስ ነገር ተጠብቆ ይዘርጋ። ከሶሌኖይዱ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ጫፉ ወፍራም ጨርቅ ውስጥ ተይዞ ጠርሙሱ ለአንድ አፍታ ይከፈትና ይዘጋ፤ በቱቦው ውስጥ የቀረ የጎማ ፍርፋሪ ካለ ይወጣል። ጓንትና መነጽር የግድ ነው፤ ፈሳሹ ቆዳን በብርድ ያቃጥላል። መጋጠሚያዎቹ ላይ ዘይትና ግሪስ አይነካ።

ቴፍሎን ቴፕ ላይ ደግሞ ቆም እንበል፤ ብዙ ኪት የሚያበላሸው ይህ መጋጠሚያ ማሸጊያ ነጭ ቴፕ ነው። ጥርሱ ላይ ሲጠቀለል ጫፉ በመፍቻው ኃይል ተቆርጦ እንደ ክር ወደ ውስጥ ይገባል። ክሩ ተጉዞ ሶሌኖይዱ መግቢያ ላይ ያለችው ወንፊት ላይ ያርፋል፤ ወይም ወንፊቷን አምልጦ ከመቀመጫውና ከበሩ መሃል ይገባና ሶሌኖይዱ ሳይዘጋ ይቀራል። የቤንዚኑ ጄት አፍ ላይ ካረፈ ደግሞ ቤንዚኑ ግማሽ ይሆናል፣ ናይትረሱ ሙሉ ይገባል። ስለዚህ ሾጣጣ ጥርስ ላይ ፈሳሽ የቴፍሎን ማሸጊያ፣ ያውም የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥርሶች ትቶ፤ ኤኤን መጋጠሚያ ላይ ግን ምንም። ኤኤን የሚያሽገው በ37 ዲግሪው ፊቱ እንጂ በጥርሱ አይደለም።

ኖዝሉ ከአየር መለኪያ ሴንሰሩ በኋላ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ አየር ከሚከፍተው ከስሮትሉ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ቀድሞ፣ አፉ ወደ ሞተሩ ዞሮ ይገባል። የአየር ቱቦው ከመኪናው ወርዶ ይበሳ፤ ለአንድ ስምንተኛ ኢንች ሾጣጣ ጥርስ 8.7 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ነው። ቱቦው ቀጭን ፕላስቲክ ወይም ጎማ ከሆነ ጥርስ አይይዝም፤ ከውስጥና ከውጭ በዳዶ የሚያዝ ማስገቢያ ያስፈልጋል። ሶሌኖይዶቹ ከኖዝሉ በተቻለ መጠን ቅርብ፣ ሁለቱም ቱቦ እኩል ርዝመት ይሁን። የቤንዚኑ ቱቦ ከረዘመ ናይትረሱ ቀድሞ ይደርሳል፤ ያቺ ቅጽበት ቤንዚን የሌላት ቅጽበት ናት።

ሽቦው ከባድ አይደለም። ቁጥሮቹ ሪሌው እግሮች ላይ የተጻፉት ናቸው፦ ከባትሪው በፊውዝ ወደ ሪሌው 30፣ ከ87 ወደ ሁለቱ ሶሌኖይዶች። 86 ላይ ከቁልፍ የሚመጣው መብራት ኪቱን በሚያበራና በሚያጠፋው ስዊች በኩል ይገባል። 85 ወደ መሬት የሚሄደው በተራ በፔዳል ስዊቹ፣ በዊንዶው ስዊቹና በቤንዚን ግፊት ስዊቹ አልፎ ይሁን፤ ከሦስቱ አንዱ እምቢ ካለ ሁሉም ይጠፋል። ፔዳሉ በኤሌክትሮኒክ በሚሠራ መኪና ላይ ማይክሮስዊቹ ፔዳሉ ሥር ሳይሆን የስሮትል ሴንሰሩን ቮልት በሚያነብ ዊንዶው ስዊች ይተካል። መሪ ላይ ቁልፍ ብቻ ገጥሞ በፈለጉት ሰዓት መጫን የሚባለው አሠራር በፊልም ያምራል፤ በግማሽ ፔዳል አንድ ጊዜ የተጫነ ቀን ማኒፎልዱ ይሄዳል።

ሙከራ

የቤንዚኑን ሶሌኖይድ ሞተሩ ጠፍቶ ለመሞከር አትክፈቱ፤ ቤንዚን ማኒፎልዱን ይሞላል፣ ሲነሳ ወይ ይተፋል ወይ ፒስቶኑ ፈሳሽ ላይ ይቆማል። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ፣ ጠርሙሱ ተዘግቶ፣ መስመሩም ባዶ ሆኖ፣ የቤንዚን ሶሌኖይዱን ብቻ ለቅጽበት በሽቦ ማስከፈት ነው። ሞተሩ በቤንዚን ብዛት መንገዳገድ አለበት። ካልተንገዳገደ ቤንዚኑ አልመጣም፤ ሥራው እዚያው ይቁም። ቀጥሎ ምንም ሳይነካ ጠርሙሱን መክፈት ነው። የሞተሩ ዙር በራሱ ከፍ ካለ የናይትረሱ ሶሌኖይድ ያፈሳል።

የመጀመሪያው ሩጫ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ3500 ዙር ጀምሮ፣ 3 ሴኮንድ፤ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ካንዴላ ማውጣት። ነጩ ሸክላ ላይ እንደ በርበሬ የተነሰነሰ ጥቁር ነጥብ ወይም የብር ቅንጣት ካለ ሞተሩ አንኳክቷል፣ ማለትም ቅልቅሉ በሥርዓት መንደዱ ቀርቶ ፈንድቷል፤ ብር የሚመስለው ከፒስቶኑ የተላጠ አሉሚኒየም ነው። ጄቱን ዝቅ፣ ታይሚንጉን ሌላ 2 ዲግሪ ወደ ኋላ። በጆሮ መጠበቅ አያዋጣም፤ በናይትረስ ጩኸት መሃል ማንኳኳት አይሰማም።

ግፊቱ፣ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ

ጄት የሚመረጠው ጠርሙሱ ከ900 እስከ 950 ፒኤስአይ ላይ መሆኑ ታስቦ ነው፤ ከ62 እስከ 65 ባር ማለት ነው። ግፊቱን የሚወስነው በውስጡ የቀረው መጠን ሳይሆን ሙቀቱ ነው። 0 ዲግሪ ላይ 31 ባር ገደማ፣ 20 ላይ 50፣ 30 ላይ 63። በ20 ዲግሪ ጠዋት የተከፈተ ጠርሙስ ከ10 በመቶ በላይ ያነሰ ናይትረስ ይሰጣል፤ ቤንዚኑ ግን አይቀንስም፣ ስለዚህ መኪናው ይታፈናል። ይህ ጉልበት ያሳጣል እንጂ አያፈርስም። ፀሐይ የመታው ጭነት ክፍል ውስጥ ግፊቱ 1150 ሲደርስ ነው አደጋው፤ ናይትረሱ ይጨምራል፣ ቤንዚኑ ባለበት ይቀራል። ማሞቂያ ይገዛ የምንለው፣ ግን በግፊት ስዊች ራሱን የሚያጠፋው ብቻ ይገዛ የምንለውም ለዚህ ነው። 36.4 ዲግሪ ካለፈ ፈሳሽና ትነት የሚባል ልዩነት ይጠፋል፣ ግፊቱም ይሮጣል። ጠርሙስን በእሳት ማሞቅ ሰው ገድሏል፤ ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ነገር፦ ጌጁ ስንት ጋዝ እንደቀረ አይነግርም። ሙቀቱ ካልተለወጠ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ 900 እንዳለ ይቆያል። የቀረውን የሚያሳውቀው ሚዛን ብቻ ነው። ባዶ ክብደቱን ጠርሙሱ ላይ መጻፍ፣ በየጊዜው እየፈቱ መመዘን። ሲሞላም በሚዛን ነው፤ በ10 ፓውንድ ጠርሙስ 11 ማስገባት ፈሳሹ ሲሞቅ የሚለጠጥበትን ቦታ ይነፍገዋል። ጠርሙሱ በ5 ዓመት አንዴ በውሃ ግፊት ተፈትሾ ቀኑ አንገቱ ላይ ሊመታበት ይገባል፤ ያገለገለ ሲገዛ መጀመሪያ የሚነበበው ይህ ቀን ነው። ለመኪና በሚሸጠው ጋዝ ውስጥ ከሚሊዮን 100 እጅ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይጨመራል፣ ሰው እንዳይተነፍሰው። መንገድ ላይ መጠቀምን ሕግ የሚከለክልበት፣ ወይም ጠርሙሱ ተፈትቶ እንዲሄድ የሚያዝበት ቦታ ብዙ ነው፤ የኢንሹራንሱን ውልም ቀድሞ ማንበብ ይበጃል።

ፍርዳችን

ከታወቀ አምራች የተገዛ ባለ አንድ ኖዝል እርጥብ ኪት፣ በ50 ጄት፣ ከላይ ካሉት አራት ዕቃዎች ጋር፦ ከ10 ዘጠኝ። ያው ኪት ካርቶኑ እንደመጣ፣ ምንም ሳይጨመርበት፦ ከ10 አምስት። ስም የሌለው ኪት በ100 ጄት፦ ነጥብ አንሰጠውም።

ሩጫው ሲያልቅ ጠርሙሱ ይዘጋል፣ በመስመሩ የቀረው በፐርጅ ይለቀቃል፤ ፐርጅ ከሌለ ጠርሙሱ ላይ ያለው መጋጠሚያ ቀስ ተብሎ ይላላል። መኪናው ሲያድር ሶሌኖይዱ ላይ ግፊት አያድርም። ጌጁ የሚታሰረው ከጠርሙሱ ቫልቭ በኋላ ስለሆነ ማታ ዜሮ ላይ የተወው መርፌ ጠዋት ከፍ ብሎ ከተገኘ የጠርሙሱ ቫልቭ ጥብቅ ብሎ አይዘጋም ማለት ነው፤ ያን ቀን መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጠርሙሱ ይወርዳል።